ሽቦ መዘርጋትና ማሰራጨት ይለዩ
ከባሕር ዳር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋ የጋራ ዲሽ ከብሮድካስት አገልግሎት ተለይቶ እንዲታይና የራሱ የቴክኒክ መለኪያ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

እኛ በባሕር ዳር ከተማ ዲሽ የምንተክል፣ የጋራ ኬብል የምንዘረጋና የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ በኮንዶሚኒየም፣ በሆቴል፣ በተማሪ ማደሪያና በኪራይ ግቢ ይህ ሥራ በየቀኑ ይሠራል። ሠሪውም አሠሪውም ግን የትኛው ሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው እንደማያስፈልገው አንብቦ የሚለይበት ዝርዝር እጁ ላይ የለም። ስለዚህ ሁሉም በግምት ይሠራል። አንዱ ክልክል ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ማን ይጠይቀኛል ብሎ ገመዱን መንገድ ያሻግራል።

የምንጠይቀው ቁጥጥር እንዲቀር አይደለም። ቁጥጥሩ ይዘት የሚመርጠውንና የሚሸጠውን ከሽቦ ዘርጊው እንዲለይ ነው። ጣቢያ መርጦ የሚሸጥ ፈቃድ ያውጣ፤ ሽቦ የሚዘረጋ በመለኪያ ይፈተን። ሁለቱ ካልተለዩ አምስት ፎቅ ላይ አንድ ዲሽ ያቆሙ ጎረቤታሞች የቴሌቪዥን ድርጅት ተብለው ይጠየቃሉ፤ በየሰፈሩ ገመድ እየጎተተ በወር ክፍያ ጣቢያ የሚሸጠው ደግሞ «እኔ ጥገና ብቻ ነው የምሠራው» ብሎ ያልፋል።

የብሮድካስት ሥራ ያለ ፈቃድ እንደማይሠራ በአዋጅ ቁጥር 533/1999 ግልጽ ነበር፤ እሱን የተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የፈቃዱንና የቁጥጥሩን ሥራ ለባለሥልጣኑ ሰጥቷል። የሞገድ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከጣሪያ ወደ ሳሎን የሚወርድ ኬብል ግን ፕሮግራም አያዘጋጅም፣ ደህና እስከሆነ ድረስም ሞገድ አይረጭም። ማንም በነፃ ሊያየው የተላከን ምልክት ከጣሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ ያደርሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የሚጠየቅ አካል አስቀድሞ አለ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር ተቋቁሞ የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድር ያዛል፤ ዲሹም፣ ኬብሉም፣ የጥገናው መዋጮም በዚያ ማኅበር በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ይህን መስመር ሌሎች አስምረውታል። በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ተራራ ከማሠራጫው በጋረዳቸው ትንንሽ ከተሞች ከፍታ ላይ አንድ አንቴና ይቆምና ምልክቱ በሽቦ ለየቤቱ ይከፋፈል ነበር። በ1966 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኬብሉን ዘርፍ በሙሉ በሥሩ አስገባ። በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ ግን በአንድ ባለቤት ወይም አስተዳደር ሥር ያሉ የመኖሪያ ሕንፃዎችን ብቻ የሚያገለግልና የሕዝብ መንገድ የማይነካ ዝርጋታን ከኬብል ድርጅት ትርጉም አወጣው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1993 ልዩነቱ ጸና፤ በ1996 ደግሞ የባለቤትነቱ መስፈርት ተነሥቶ የመንገዱ ብቻ ቀረ። ሽቦው የሕዝብ መንገድ ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? ይህን ማንኛውም የቀበሌ ሠራተኛ ቆሞ አይቶ ይመልሰዋል፤ ለዚያም ነው ጥሩ መስፈርት የሆነው። ለእኛ አገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ጣቢያ የሚሸጥ ሊኖር ይችላልና።

ስለዚህ የምንጠይቀው መመሪያ ሲረቀቅ አንድ ቤት በራሱ ዲሽ የሚያየው ከማንኛውም ምዝገባ ነፃ ይሁን። በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ አጥር ውስጥ የሚቀር፣ በነፃ የሚተላለፉ ጣቢያዎችን ሳይቀንስና ሳይጨምር የሚያደርስ፣ ከጥገና መዋጮ በቀር ለጣቢያ ዋጋ የማይጠይቅ ዝርጋታ በከተማው አስተዳደር ተመዝግቦ የቴክኒክ መለኪያ ብቻ ያሟላ። ከዚህ የወጣ ሁሉ፣ ማለትም መንገድ የሚያሻግር፣ ለጣቢያ የሚያስከፍል ወይም የራሱን ፊልምና ማስታወቂያ በሞዱሌተር (ምስልን በቻናል ላይ አድርጎ ወደ ኬብል በሚልክ መሣሪያ) የሚያስገባ፣ የደንበኝነት ብሮድካስት ፈቃድ ይጠየቅ። የቤት ደንበኝነት ካርድ ገዝቶ ለሃያ ክፍል የሚከፋፍለውንም አንከላከልለትም። ያ ከአቅራቢው ጋር የተገባን ውል ማፍረስ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለብሮድካስት ድርጅት በሥርጭቱ ላይ መብት ሰጥቶታል። ይህን የሚያደርግ በመካከላችን ካለ ሕጉ ይጠይቀው።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

የኢትዮ ሳት ጣቢያዎች የሚመጡበት ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ከባሕር ዳር ዲሹ ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት አቅጣጫ ወደ 120 ዲግሪ፣ ማለት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል፤ ከአድማስ 63 ዲግሪ ተኩል ገደማ ቀና ይላል። ይህ ከፍታ ለከተማችን ትልቅ ዕድል ነው። ናይል ሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ከዚህ የሚታየው በ37 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው፤ የመንገዱ ዘንባባ፣ የግቢው ዋርካ፣ አዲስ የተሠራ የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል። ኢትዮ ሳት ግን ጠባብ ጣሪያ ላይም ክፍት ሰማይ ያገኛል። ለአንድ ሕንፃ አንድ ዲሽ ይበቃል የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው። የዲሹ ስፋት ከ60 ሳንቲ ሜትር ወደ 90 ሲኬድ 3.5 ዲቢ (ዲቢ የምልክት ኃይል መለኪያ ነው)፣ ወደ 120 ሲኬድ 6 ዲቢ ይጨመራል፤ በየበረንዳው ከተቸነከሩ አርባ ትንንሽ ዲሾች ይልቅ በደንብ የታሰረ አንድ ባለ 120 ለዝናብም ለንፋስም ይሻላል።

የሚበላሸው አንዱን ዲሽ ለብዙ ቤት በስፕሊተር ሲያካፍሉት ነው። ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ፣ ኤል ኤን ቢው፣ ከሪሲቨሩ በሚላክለት ቮልት ይታዘዛል፤ በ13 ቮልት ቪ (ቁም ሞገድ)፣ በ18 ቮልት ኤች (አግድም ሞገድ) ይሰጣል። በዚያ ላይ ሪሲቨሩ 22 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ሲልክ ከታችኛው ባንድ ወደ ላይኛው ይዞራል። የኢትዮ ሳቱ 11105 ሜጋ ኸርዝ ኤች የሚፈልገው 18 ቮልትና ይህ 22 ኪሎ ኸርዝ የሌለበት መስመር ነው። በአንድ ተራ ኤል ኤን ቢና በስፕሊተር በተያያዙ ስምንት ቤቶች ውስጥ አንዱ ከ11700 በላይ ያለ ፍሪኩዌንሲ ሲከፍት የእሱ 22 ኪሎ ኸርዝ ኤል ኤን ቢውን ያዞረዋል፤ የሰባቱ ቤት ምስል በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሰውዬው ጣቢያ ሲቀይር ይመለሳል። ቤተሰቡ ጣቢያው ተዘጋ፣ መንግሥት አቋረጠው ይላል፤ ለባለሥልጣኑ የሚደርሰው አቤቱታም ከዚህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ አራቱንም መስመር (ቪና ኤችን በታችኛውም በላይኛውም ባንድ) በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ኳትሮ ኤል ኤን ቢ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ሪሲቨር ከአራቱ የጠየቀውን የሚሰጥ ማልቲስዊች፣ ከማልቲስዊቹ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ኬብል። እያንዳንዱ ሪሲቨር የፈለገውን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱን አይነካም።

የኬብሉ ነገር ከዚህም ይብሳል። ደህና አር ጂ 6 ኬብል በኢትዮ ሳቱ መስመር ላይ (ኤል ኤን ቢው ከ11105 ላይ 9750 ቀንሶ በ1355 ሜጋ ኸርዝ ወደ ኬብሉ ይልከዋል ማለት ነው) በ100 ሜትር 25 ዲቢ ገደማ ይበላል፤ በ2150 ሜጋ ኸርዝ ከ30 ያልፋል። አራት መውጫ ያለው ስፕሊተር 8 ዲቢ፣ ስምንት መውጫ ያለው 12 ዲቢ ገደማ ይወስዳል። ኤል ኤን ቢው 75 ዲቢ ማይክሮ ቮልት ቢያወጣና ሁለት ባለ አራት ስፕሊተር በተከታታይ ቢያልፍ፣ 40 ሜትር ኬብልም ቢጨመር፣ ታች የሚደርሰው 49 ነው። ለሳተላይት መውጫ የተለመደው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ47 እስከ 77 ነው፤ አንድ የዛገ ጃክ ሲጨመር ከወለሉ በታች ወረደ ማለት ነው። ይህን በአምፕሊፋየር እናስተካክለዋለን የሚሉ አሉ። አምፕሊፋየር ጫጫታውንም ከምልክቱ ጋር እኩል ያጎላዋል፤ ሊረዳ የሚችለው ምልክቱ ገና ጥሩ ሳለ፣ ከረጅሙ ኬብል በፊት ሲገባ ብቻ ነው።

በርካሽ የሚሸጠው ኬብል መሐሉ ብረት ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ፣ መከለያ ሽሩባውም የሳሳ ነው። ብረቱ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በደንብ አያሳልፍም፤ ኬብሉ ሲረዝም 18ቱ ቮልት ወርዶ ወደ 14 ከተጠጋ ኤል ኤን ቢው ሳይጠየቅ ወደ ቪ ይዞራል። የሳሳው ሽሩባ ደግሞ ከውጭ ያስገባል። የሞባይል ማማዎች ከ1805 እስከ 1880 ሜጋ ኸርዝ ይልካሉ፤ በኬብላችን ውስጥ ይህ ቦታ ከ11555 እስከ 11630 የሚመጡት ጣቢያዎች መንገድ ነው። ማማ አጠገብ ያለ ሕንፃ ላይ እነዚያ ጣቢያዎች ብቻ እየቆረጡ ሌሎቹ ጥርት ብለው ከታዩ ጥፋቱ የሳተላይቱ አይደለም፤ ኬብሉ ይቀየር። ከውጭ የሚገባበት ኬብል ወደ ውጭም ያስወጣል። ሆቴሎች ሞዱሌተር ተጠቅመው ጣቢያዎችን ከ108 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ሲያስቀምጡ ያ የአውሮፕላን አብራሪዎች መነጋገሪያና የማረፊያ መምሪያ ሞገድ ነው። አየር ማረፊያው ከከተማው ጋር በተጠጋበት እንደ ባሕር ዳር ባለ ቦታ ይህ በመመሪያው በግልጽ ይከልከል፤ በሞዱሌተር የሚሠራ ሁሉ የሚጠቀምባቸውን ቻናሎች ዝርዝር ያስመዝግብ። ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግልባጭ ያደረግነውም ስለዚህ ነው።

ውኃ ሌላው ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጣና ዳር ዝናቡ ብርቱ ነው። ጎማ ያልለበሰ ጃክ ውስጥ የገባ ውኃ በሽሩባው ሥር እየሳበ ሜትሮች ይወርዳል፤ ኬብሉ ሲላጥ መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ይገኛል። በዚያ ጊዜ ጃኩን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ከኤል ኤን ቢው ሥር ኬብሉ ወደ ታች ታጥፎ ጠብታ እንዲንጠባጠብ መደረግ አለበት፤ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ስንቱን ክረምት ያድናል።

መብረቅን ችላ የሚል መመሪያ ባይወጣ ይሻላል። ጣሪያ ላይ የቆመ ምሰሶ ቢያንስ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሕንፃው የመሬት ገመድ ጋር ይያያዝ፤ የኬብሎቹ መከለያም ማልቲስዊቹ ጋ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይታሰር። የጋራ ዝርጋታ ሁሉንም ቤት በአንድ መዳብ ስለሚያገናኝ መሬት ያልተያያዘ አንድ ምሰሶ የአንድን ሕንፃ ቴሌቪዥኖች በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል። መንገድ የሚያሻግረው ገመድ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲታሰር አደጋው ከቴሌቪዥን አልፎ ወደ ሰው ነው፤ የመንገዱን መስፈርት አጥብቀን የምንደግፍበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

የመብራት መቋረጥን በሚመለከት አንድ ትንሽ ነገር፦ ማልቲስዊቹ በደረጃው መብራት ቆጣሪ ላይ ከተሰካ ያ ቆጣሪ በጠፋ ጊዜ በቤታቸው መብራት ያላቸውም ምስል ያጣሉ። ከሪሲቨሮቹ በሚመጣው ቮልት የሚሠራ ማልቲስዊች አለ፤ መመሪያው ለኮንዶሚኒየም ይህን ዓይነቱን ቢመክር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቁጥጥሩ እንዴት ይሁን? በደብዳቤ ብዛት አይሁን። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ ሕንፃው፣ የመውጫው ብዛት፣ የዲሹ ስፋት፣ የሚይዘው ሳተላይት፣ የኬብሉና የማልቲስዊቹ ዓይነት፣ የዘረጋው ባለሙያ፣ የመሬት ገመዱ ፎቶ። ከዚያ ከሦስት መውጫ፣ ማለትም ለማልቲስዊቹ ከቅርቡ፣ ከመካከሉና ከሩቁ፣ በሲግናል መለኪያ ሜትር የተነበበ ልክ ይያያዝ። የሚነበበው ሁለት ነገር ነው፦ መጠኑ ከ47 እስከ 77 ዲቢ ማይክሮ ቮልት መሆኑና ጥራቱ፣ ማለትም ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ። ለጥራቱ በጠራ ሰማይ ሪሲቨሩ ከሚፈልገው በላይ ቢያንስ 4 ዲቢ ትርፍ እንዲጠየቅ እናቀርባለን፤ ለምሳሌ ዲቪቢ ኤስ 2 ኤይት ፒ ኤስ ኬ 3/4 የሚባለው የሳተላይት አላላክ 7.9 ዲቢ ገደማ ስለሚፈልግ በመውጫው ላይ 12 ይነበብ። የሪሲቨሩ ስክሪን ላይ የሚታየው «ሲግናል 85 በመቶ» የሚለው አሞሌ ለማስረጃ አይቅረብ፤ ከሪሲቨር ሪሲቨር ይለያያል፣ የትኛውም መለኪያ ላይ አይቆምም።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሰማዩንም ያገናዝብ። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ለደቂቃዎች የሚቋረጥ ምስል በየትኛውም ዲሽ ያለ ነገር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ፣ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት፣ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ልክ ከኤን ኤስ ኤስ 12 ጀርባ ትገባለች፤ ለጥቂት ቀናት በየቀኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ምልክቱ በፀሐይ ጫጫታ ይዋጣል። ዘርጊውም ጣቢያውም በዚህ አይጠየቁ። ይልቁንስ ጣቢያዎች ከዚያ ሳምንት በፊት ማሳሰቢያ እንዲያነቡ ባለሥልጣኑ ቢያዝ በበዓል ዋዜማ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ደህናውን ዲሽ የሚያጣምም ሰው ይቀንሳል።

ስለ ጣቢያዎቹም አንድ ግዴታ ይጨመር። በጋራ ዝርጋታ ውስጥ ዘርጊውም ሆነ የሕንፃው ኮሚቴ አንዱን ነፃ ጣቢያ ትቶ ሌላውን መምረጥ የለበትም። ማልቲስዊች ሙሉውን ባንድ ስለሚያሳልፍ ይህ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሟላል፤ የክልሉም፣ የፌዴራሉም፣ የግሉም እኩል ይደርሳል። በሞዱሌተር ለሚሠራ ሆቴል ግን ምርጫው የባለቤቱ ስለሆነ የአገር ውስጥ ነፃ ጣቢያዎች የሚይዙት ዝቅተኛ ቁጥር በመመሪያው ይወሰን። ቁጥሩ ከቻናሉ ብዛት አንጻር እንጂ ለሁሉም አንድ ባይሆን እንመርጣለን፤ ስምንት ሞዱሌተር ያለው ፔንሲዮንና አርባ ያለው ሆቴል እኩል አይችሉም።

አሁን ያሉት ዝርጋታዎች እንዲያስተካክሉ አንድ ዓመት ይሰጣቸው፤ ክረምት አንድ ጊዜ ይለፍበት፣ ጥፋቱ የሚወጣው በክረምት ነውና። ከመንገድ ተሻጋሪ ገመዶች የኤሌክትሪክ ምሰሶ የነኩት ግን ጊዜ ሳይሰጣቸው ይውረዱ።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከጸደቀ በኋላም ተመዝግቦ ይፋ እንዲሆን ያዛል። ረቂቁ ሲዘጋጅ አንዱ የአስተያየት መድረክ በባሕር ዳር እንዲደረግና ወደ መድረኩ የሚመጡት የባለሥልጣኑ ባለሙያዎች የሲግናል መለኪያ ሜትር ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን። ፈቃደኛ በሆነ የባለቤቶች ማኅበር ሕንፃ ላይ በስፕሊተር የተዘረጋውንና በማልቲስዊች የተዘረጋውን ጎን ለጎን ለክተን፣ ቁጥሮቹን በጽሑፍ ለማስረከብ ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር

በባሕር ዳር ከተማ የዲሽና የጋራ ኬብል ተከላ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር